ክር የታሰረባቸው ጥዶች

ነገሩ የደረሰው ካቻምና ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ከወረታ ወደ ጣና ወረድ ብሎ፣ እናቴ በምትኖርበት የፎገራ ሜዳ መንደር። የሞተ ሰው የለም። ቢሆንም ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው ሁሉ "ክፉውን አርቆታል፣ ተይው በቃ" ይለኛል። አልተውኩትም። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ጠባዬን ሳታይ ነው ያወጣችው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። የምሠራው እንጨት በሚመረመርበት አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። እንጨት በጣም ከቀጠኑ ቃጫዎች የተሠራ ነው። ድሮ የእነዚህን ቃጫዎች ነገር ለማወቅ ዛፉን መጣል፣ መሰንጠቅ፣ በማሽን መስበር ግድ ነበር። አሁን ዛፉ እንደ ቆመ እርሳስ የምታክል ዘንግ በመሰርሰሪያ እናወጣለን፣ እናደርቃታለን፣ ከዚያ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን እናበራባታለን። ከእንጨቱ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን እንጨቱ ከምን እንደ ተሠራ ያሳብቃል። ኮምፒውተሩ ያንን ቀደም ሲል ሰብረን ከፈተንናቸው እንጨቶች ጋር ያስተያይና ግምት ይሰጣል።

ጥድ ላይ ትልቁ ቁም ነገር ቃጫው ውስጥ ያሉት ክሮች አቀማመጥ ነው። ከግንዱ ጋር ቀጥ ብለው ከወጡ እንጨቱ ሸክም ይችላል። አዘንብለው ከሆነ ግን ውጪው የፈለገውን ያህል ቢያምር ይጎብጣል። ጥጋብ ያገኘና ቶሎ ቶሎ ያደገ ጥድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ወፍራም፣ ለምለም፣ ሰነፍ። በዓይን አይታወቅም። መሣሪያው ግን ያውቀዋል።

በእኛ መንደርና በደብራችን መካከል ቦይ አለ። በበጋ ሕፃን ይሻገረዋል። በክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ሁሉ ውሃ ይሆናል፣ ቦዩም ወንዝ ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ስለሆነ ሩዝና ውሃ መካከል ብቻውን ይቀራል። እናቴ ደግሞ ቅዳሴ አታስታጉልም። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ቢሆንም በየክረምቱ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ዱላዋን ይዛ ያ ጭቃ ውሃ ውስጥ ትገባ ነበር። አንድ ክረምት ውሃው ወገቧን አልፎ ደረቷ ጋ ሲደርስ ጎረቤቶች ደርሰው ጎትተው አወጧት። እኔ የሰማሁት ከርሞ ነው። እሷ ራሷ ናት በስልክ እየሳቀች የነገረችኝ።

እኔ አልሳቅኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ድልድይ ይሠራ" እያልኩ መንደሩን ሁሉ ነዘነዝኩ። ለእናቴ ነው። ሌላው ሰው ቢሻገርበት ደስታዬ ነው፣ ግን አልዋሽም፣ ለእናቴ ነው።

እንጨት ከየት ይምጣ ሲባል የደብሩ ግቢ ጥዶች ታሰቡ። ከሐበሻው ጥድ ሌላ፣ ቅጠላቸው እንደ ፈረስ ጭራ የሚንጠለጠል፣ እኛ ባለሙያዎች ፓቱላ የምንላቸው ጥዶች እዚያ ጉብታ ላይ አሉ። እኔ ሳልወለድ ነው የተተከሉት። ለላብራቶሪያችንም የዚያ አካባቢ ጥድ ናሙና ያስፈልገን ስለነበር አለቃዬን አስፈቀድኩና መሰርሰሪያዬን ይዤ ወረድኩ።

የደብሩን ነገር የሚመሩት የኔታ ናቸው። ማዕረጋቸው መሪጌታ ነው፣ ነገር ግን መንደሩን ግማሹን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ ሁሉም የኔታ ነው የሚላቸው። እኔንም አስቆጥረውኛል። ለፊደል ካልሆነ በቀር ጆሮዬን ቆንጥጠውኝ አያውቁም።

የመጀመሪያውን ጥድ ስሰረስር አጠገቤ ቆመው አዩኝ። ዘንጓ ስትወጣ በመዳፋቸው ተቀብለው አሸተቷት።

"ዛፉ አይሞትም?" አሉኝ።

"አይሞትም የኔታ። ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ።"

ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደው ነዶ ያለቀ የጧፍ ጫፍ በእፍኛቸው ሙሉ ይዘው መጡ። "በዚህ ድፈኝለት" አሉ። ሰሙን በእጄ እያሞቅኩ የእያንዳንዱን ዛፍ ቀዳዳ ደፈንኩ። ያን ቀን የኔታን እንዴት እንደ ወደድኳቸው አትጠይቁኝ። ኋላ የተናደድኩት ለዚህም ጭምር ነው፤ ሰውየው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ዘንጎቹን ላብራቶሪ ወስጄ አደረቅኋቸው፣ ለካኋቸው፣ ከልቤ አነበብኳቸው። ከዚያ ሁሉ ጥድ አራቱ ግሩም ነበሩ። ክራቸው ቀጥ ያለ፣ ቃጫቸው ረጅም። በመጠን ግን ከሌሎቹ ቀጠን ይሉ ነበር። ትልልቆቹና የሚያማምሩት ደግሞ ሰነፎቹ ናቸው። መካከለኛ የሆኑም ነበሩ።

በሚያዝያ መጨረሻ ተመልሼ ሄድኩ። አራቱን ጥዶች ወገባቸው ላይ በሰማያዊ የናይለን ክር አሰርኳቸው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰበካ ጉባኤውም ሕዝቡም በተሰበሰበበት ቆሜ አስረዳሁ። ቋንቋዬን አቅልዬ፣ በእጄ እያሳየሁ።

"ክር ያሰርኩባቸው ምርጦቹ ናቸው" አልኩ። "ለድልድዩ ተሸካሚ እነዚህን ቁረጡ። ሌሎቹ ለአጥርም ለማገዶም ይሆናሉ። ሰው የሚረግጠው ነገር ላይ ግን አይግቡ።"

"እሺ ልጃችን" አሉኝ። "ተባረኪ" አሉኝ። አንዲት ሴት ግንባሬን ሳመችኝ።

የኔታ "መሣሪያው አይስትም?" ብለው ጠየቁኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። "ግምት ነው የኔታ። ሊስት ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ደህና አድርጎ ይገምታል።"

"እሺ" አሉ እሳቸውም።

በእኛ አገር እሺ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ረስቼው ነበር። ከተማ ስቆይ እሺ ማለት እሺ ማለት መስሎኝ።

ሰኔ ላይ እናቴ ደወለች። ድልድዩ አለቀ። ሦስት ግንድ ተጋድሞ፣ ጣውላ ተመትቶበት፣ በጎንና በጎን መደገፊያ ተሠርቶለት። "እንደው ብታይው፣ እንደ ከተማ ድልድይ ነው" አለችኝ። ያን ሳምንት ላብራቶሪ ውስጥ የነዛሁትን ጉራ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ያነሱብኛል። ሰው ስለ እንጨት ጽሑፍ ይጽፋል፣ የእኔ ጥናት ግን እናቴን ያሻግራል ብዬ ነበር።

የፍልሰታ ጾም በተፈታበት ቀን እናቴን ላስደስት ብዬ ሳልነግራት መጣሁ። ከወረታ ባጃጅ ይዤ መንገዱ እስከሚያደርስ ደረስኩ፣ ከዚያ ጫማዬን አውልቄ በሩዙ ዳር በጭቃው አዘገምኩ። ቤቱ ተዘግቷል። ቅዳሴ ናት ብዬ ዕቃዬን ጎረቤት አስቀምጬ ወደ ድልድዩ ወረድኩ።

ቦዩ ሞልቶ ነበር። ቡናማ፣ ገለባና ሥር እያንከባለለ የሚሄድ ውሃ ነው፤ ድምፁ ሳይሆን ዝምታው ያስፈራል። ቅዳሴው ወጥቶ ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ ከጉብታው እየወረደ ነው። እኔ በዚህኛው ዳር ቆምኩ። አጠገቤ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ከወረታ ነጠላና ጨርቅ እየተሸከመ በየመንደሩ የሚዞር፣ ሰይድ የሚባል ሰው። ስሙን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰዉ ተሻግሮ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል።

እናቴ መሃል ላይ ስትደርስ አየችኝ። ዱላዋን ከፍ አድርጋ ሰላም አለችኝና ፈጠን አለች። ከፊቷም ከኋላዋም ሰው ነበር።

ድምፁ አንድ ጊዜ ነው የተሰማው። ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚያሰማው ነው፣ ግን ትልቅ። የቀኙ ግንድ መሃል ላይ ጎበጠ፣ ጣውላዎቹ ወደ ጎን አዘነበሉ፣ መደገፊያው ከነሚስማሩ ተነቀለ። ከኋላ የነበሩት ወደ ኋላ ሸሹ፣ ከፊት የነበሩት ወደ እኛ ሮጡ። እናቴ መሮጥ አትችልም። ሁለቱም እግሮቿ በጣውላዎቹ መካከል ሾለኩና በብብቷ ተንጠልጥላ ቀረች። ዱላዋ ወደቀ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ውሃው ላይ አረፈ፣ ትንሽ ተዘረጋ፣ ሄደ።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ሰይድ ጥቅሉን ጭቃው ላይ ጣለና ገባ። ልከተለው ስል ዞር ብሎ "አንቺ አትምጪ፣ ሁለት ሰው አይችልም" አለኝ። ግራው ግንድ ላይ በደረቱ ተኝቶ እየተሳበ ደረሰባት።

"እማማ፣ አንገቴን ይያዙኝ። እጅዎን ይልቀቁት፣ አንገቴን ይያዙኝ" ይላታል።

እናቴ ጣውላውን አልለቅም አለች። እሱም ታግሶ፣ ድምፁን ሳይጨምር ደጋግሞ ለመናት። በመጨረሻ ያዘችው። ወደ ኋላ እየተሳበ፣ እሷን እየጎተተ አመጣት። እጄ ላይ አስረከበኝ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። መሣሪያዬ ሊገድላት ነበር ብዬ ነው ያሰብኩት። እናቴን ታቅፌ ያ አራት ዛፍ፣ ያ ቁጥር፣ ያ ጉራ ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። ተሳስቻለሁ አልኩ። ምርጥ ያልኩት እንጨት አልቻለም።

ጎረቤቶች እናቴን ወደ ቤት ሲወስዷት እኔ ቀረሁ። ስብራቱን ማየት ነበረብኝ። በግራው ግንድ በኩል እየተጠነቀቅሁ ሄጄ አጎነበስኩ። ግንዱ ጉጡ ላይ ነው የተሰነጠቀው። የዓመት ቀለበቶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ አንዱ ቀለበት አውራ ጣት ይሞላል። ይሄ ቶሎ ያደገ ዛፍ ነው። ይሄ ቀጠን ካሉት ከአራቱ አንዱ ሊሆን አይችልም። ትንሽ ዝቅ ብሎ በጧፍ ሰም የደፈንኩት ቀዳዳ አለ። የክር ምልክት ግን የለም። ቀና ብዬ ወደ ጉብታው አየሁ።

ተሻገርኩ። እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም። ግቢው ውስጥ አራቱ ጥዶች ቆመዋል። ሰማያዊው ክር እንደ ታሰረ ነው። እንዲያውም አንደኛው ላልቶ ነበር መሰለኝ፣ ሰው አጥብቆ አስሮታል። ከእነሱ ወዲያ ሦስት ትልልቅ ጉቶ። ከሦስቱ ሁለቱ ከሰነፎቹ ሁሉ የባሱት ናቸው፤ ዛፎቹን ቦታቸውን ጭምር አውቃቸዋለሁ።

የኔታ ደጀ ሰላሙ ጋ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ተነሡ።

"እናትሽ ተረፈች?"

"ተርፋለች። የኔታ፣ እነዚህ ለምን ቆመው ቀሩ?"

ጥያቄው ገረማቸው። "ምርጦቹ ናቸዋ" አሉኝ። "አንቺው አይደለሽ የለየሽልን?"

"ለድልድዩ ነው እኮ የለየሁት።"

"አየሽ ልጀ፣ ዝም ብለን አይደለም፣ መክረንበት ነው። ከእግዚአብሔር ቤት ምርጡን አውጥቶ ለእግር መርገጫ ማድረግ ይከብዳል። ነገ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ቢያረጅ በምን እንሠራዋለን? ድሮ የትኛው እንደሆነ አናውቅም ነበር። አንቺ አሳወቅሽን። ካወቅን በኋላ ምርጡን ለራሳችን ብንወስድ ምን እንባላለን? ለቤቱ ምርጡ ይቅር፣ ለእኛ የተረፈው ይበቃናል ተባለ።"

"የተረፈው ሰው አይችልም ብያችሁ ነበር።"

"ግምት ነው ብለሽን የለ?"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለቀው። በሕይወቴ የኔታ ላይ ድምፄን አንሥቼ አላውቅም። ያን ቀን አነሣሁ።

"ባልለይላችሁ ኖሮ" አልኳቸው፣ "ዝም ብላችሁ ያገኛችሁትን ትቆርጡ ነበር። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ደህና ይሆን ነበር። አሁን ግን መርጣችሁ፣ እኔ ባሳየኋችሁ፣ መጥፎውን እናቴ እግር ሥር አደረጋችሁት። ምርጡን ደግሞ ማንም የማይቆምበት ቦታ አቆማችሁት። እግዚአብሔር በዚህ ጥድ ምን ሊያደርግበት ነው?"

"ኧረ በስመ አብ፣ የኔታን እንዲህ ትናገር" አለች አንዷ ከኋላዬ። ሰው ተሰብስቦ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

የኔታ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት። ፊቴን አዩና "ደንግጠሻል። ጠበል ጠጪ፣ ልብሽ ይረፍ" አሉኝ። አንድ ሰው በጣሳ አመጣልኝ። ጠጣሁት። ልቤ አላረፈም።

ቤት ስገባ እናቴ አልጋ ላይ ናት። ከብብቷ እስከ ጎኗ ተልጧል፣ ጉልበቷ አብጧል። ሰይድ በራፉ ላይ ተቀምጦ ጭቃ የገባባቸውን ጨርቆች ይለያል፤ ጎረቤቶች ለማጠብ ይረዱታል። አመሰገንኩት። "ኧረ ተይ፣ እናት አይደለች እንዴ" ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

እናቴ አጠገብ ተቀምጬ የኔታ ያሉኝን ነገርኳት። እሷም እንደምትናደድ፣ ሁለታችንም አብረን እንደምንናደድ ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን ጣራ ጣራውን ታያለች።

"ታውቂ ነበር እንዴ?" አልኳት።

"ነበርኩ እኮ ስብሰባው ላይ" አለች። "እጀንም አውጥቻለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ምርጦቹ ይቅሩ ብየ።"

"እማየ፣ በዚያ ድልድይ የምትሻገሪው አንቺ ነሽ። ጉልበትሽን የሚያምሽ አንቺ ነሽ። እኔ ያን ሁሉ የለፋሁት ለማን መሰለሽ?"

"ለዚያም ነዋ" አለችኝ። ቀስ ብላ፣ እንደ ልጅ እያስረዳችኝ። "ሌላ ሰው ብቻ የሚሻገርበት ቢሆን እጀን አላወጣም ነበር። በሰው ነፍስ እኔ ምን አገባኝ? እኔ የምሻገርበት ስለሆነ ነው። ለፈጣሪ ስሰጥ የተረፈኝን ነው የምሰጥ? አንቺ ደግሞ ስትቆጭ እንደ አባትሽ ነሽ።"

ድልድዩን እሷ ብቻ አይደለችም የምትሻገርበት፣ ሕፃናት አሉ፣ ነፍሰ ጡሮች አሉ፣ ብዬ ልናገር ነበር። ግን የተላጠ ጎኗን ሳየው ስለ ሌላ ሰው መናገር አልቻልኩም። ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነው። ከሌላው ለቅሶ የሚለየው ስለማይወጣልህ ነው።

ድልድዩን የሠራው አናጢ የተሰበረውን ግንድ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ባላ ተክሎ ደገፈው። "ለጊዜው ነው" ተባለ። እኔም ከመሄዴ በፊት ሰበካ ጉባኤውን አንድ በአንድ ለመንኩ። አራቱን ቁረጡ፣ ባላው ውሃ ሲገፋው ይወድቃል፣ አልኩ።

"እሺ" አሉኝ።

መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። እሑድ እሑድ ስልኬን ይዤ እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ቤት እስክትገባ እቆጥር ነበር። "ተሻገርሽ?" እላለሁ። "ተሻገርኩ፣ ባላው አለ እኮ" ትላለች። ባልደረባዬ አንድ ቀን "ስለ መሣሪያው ውጤት ለሌሎች መንደሮች ገለጻ ብታደርጊ" አለኝ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ታኅሣሥ ላይ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ የሠርግ ቤት ይመስላል።

"ልጀ፣ ክር ያሰርሽባቸውን ሊቆርጧቸው ነው።"

"ምን ተገኘ?"

"ጥምቀት እየደረሰ አይደል? ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲሄድ በድልድዩ ነው የሚያልፍ። ታቦት የሚሸከሙት ቄስ ድልድዩን አዩና 'ታቦት ተሸክሜ ባላ በደገፈው እንጨት አልሄድም፣ ቢሰበርስ' አሉ። የኔታም አሰቡበት። ታቦት የሚያልፍበት ያው የእግዚአብሔር ቦታ ነው፣ እዚያ ላይ ምርጡ ቢውል ከቤቱ እንደ ወጣ አይቆጠርም አሉ። ሁሉም ደስ አለው።"

እናቴ "አለሽ?" አለችኝ።

አለሁ። አለሁ፣ ግን እያሰብኩ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈታ ነገር ነው ማለት ነው። የኔታ አዋቂ ሰው ናቸው፣ መንገዱን ሲፈልጉት አገኙት። ታዲያ ግንቦት ላይ ለምን አልፈለጉትም? ነሐሴ ላይ፣ እናቴ ውሃው ላይ ተንጠልጥላ ከተረፈች በኋላ፣ ያ ሁሉ ሰው ባየበት ቀን ለምን አልፈለጉትም? ለእናቴ ባላ፣ ለታቦቱ ምርጥ ጥድ። ታቦቱን ተቃውሜ አይደለም፤ እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ እሳለማለሁ። ግን ታቦቱ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጥምቀት ነው የሚያልፍ፣ ያውም ቦዩ በጎደለበት በበጋ። እናቴ ክረምቱን ሙሉ ነው የምታልፍ።

እናቴን እንኳን ደስ አላችሁ አልኳትና ዘጋሁት።

ለጥምቀት ወረድኩ። ድልድዩ አዲስ ነበር። ሦስቱ ቀጠን ያሉ ጥዶች ተጋድመዋል፣ አራተኛው ለመደገፊያ ተሰንጥቋል። ማንም ሳያይ መሃል ላይ ቆሜ በእግሬ ደበደብኩት። ንቅንቅ አላለም። የሙያ ነገር ነው፣ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ተናደድኩ። ታቦቱ አለፈ፣ ዲያቆናቱ አለፉ፣ እልልታው አለፈ፣ በሰልፉ ጭራ እናቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ አዲስ ዱላ ይዛ፣ ቀስ ብላ አለፈች። ነጠላውን ከሰይድ ነው የወሰደችው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በመንደራችን ሲያልፍ እሷ ቤት ሳይገባ አይሄድም።

ከበዓሉ በኋላ የኔታ ጠሩኝ። እጃቸውን ተሳለምኩ። ስለ ነሐሴው ነገር እሳቸውም አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም፤ እንዲህ ነው የምንታረቀው።

"አየሽ፣ መሣሪያሽ እውነቱን ነው" አሉኝ ወደ ድልድዩ እያዩ።

"ነሐሴም እውነቱን ነበር የኔታ።"

ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ቀሩት ጥዶች ዞር ብለው በመቋሚያቸው እያመለከቱ እንዲህ አሉኝ፦ "አሁን ምርጦቹ አልቀውብናል። እስኪ ያን ነገርሽን ደግመሽ አምጪና ከቀሩት የተሻሉትን ለይልን። ክርም እሰሪልን። ማንም እንዳይነካቸው እኛ እንጠብቃቸዋለን። ለመንደሩ ሥራ የሚፈለገውን ከሌሎቹ እንቆርጣለን።"

ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም። እናቴም አጠገባችን ቆማ ራሷን እየነቀነቀች አዎ፣ ልክ ነው ትላለች።

ብዙ ነገር ልናገር እችል ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩትና "እሺ የኔታ" አልኩ።

ይኸው ድልድዩ ከታደሰ ሁለተኛው ክረምት መጥቷል። ድልድዩ ቆሟል፣ ባላ የለውም፣ እናቴ ትሻገራለች። ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ ሰምቼ ተመልሼ እተኛለሁ፤ ይህን አልክድም። ንዴቱ ግን እንዳለ ነው። እናቴ በስልክ "የኔታ እየጠየቁሽ ነው፣ መቼ ነው ያን መሣሪያ ይዘሽ የምትመጭ?" ትለኛለች።

"እሺ" እላታለሁ።